ጎረቤታችሁ ዘንድ የሚጀምር ጀብዱ፦ እምነትን ለሰው የማካፈል መመሪያ

ፊልጶስ በሰማርያ ትልቅ ሥራ ላይ ነበር። ሕዝቡ ይሰማዋል፣ ሕመምተኞች ይፈወሳሉ፣ ከተማው በደስታ ተሞልቷል። በዚህ መሀል ነው ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወርደው የምድረ በዳ መንገድ እንዲሄድ የታዘዘው። ለምን እንደሚሄድ አልተነገረውም። ማንን እንደሚያገኝም አያውቅም። ተነሥቶ ሄደ። መንገድ ላይ ያገኘው የንግሥት ሕንደኬ ገንዘብ ሁሉ በእጁ የነበረውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለውን ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ፊልጶስ የሚያውቀው ነገር ማነሱ ነው። በእጁ ያለው የሚቀጥለው አንድ እርምጃ ብቻ ነበር። መጀመሪያ "ሂድ" ተባለ። እዚያ ሲደርስ "ወደ ሰረገላው ቅረብ" ተባለ። ሌላው ሁሉ እየሄደ ሳለ ተገለጠለት።

እምነትን ለሰው ማካፈል ጀብዱ ነው የምለው በዚህ የተነሳ ነው። ጀብዱ ለመፈጸም ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ፊት ለፊት ያለችውን ጎረቤት ቡና መጥራት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመጣ አታውቁም። ምናልባት ወሬ ብቻ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ለዓመታት ለማንም ያልነገረችውን ነገር ትነግራችኋለች።

ይህን የምጽፈው መድረክ ለሌለው አማኝ ነው። ቢሮ ለሚገባ፣ ሱቅ ለሚጠብቅ፣ ልጅ ለምታሳድግ፣ ቤይሩት ወይም ዱባይ ሰው ቤት ለምትሠራ። "እኔ መናገር አልችልም" ለሚሉ ሁሉ።

1. የእናንተን ድርሻ ለዩ

ብዙ ሰው የሚፈራው ያልተሰጠውን ሥራ ስለሚሸከም ነው። ሰውን ማሳመን፣ ልቡን መለወጥ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ማምጣት የእኔ ኃላፊነት ነው ብሎ ያስባል። ያ ሸክም ከባድ ነው። ደግሞም የእኛ አይደለም። ልብ የሚለውጠው መንፈስ ቅዱስ ነው። የእኛ ድርሻ ያየነውንና ያመንነውን በግልጽና በፍቅር መናገር ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና በአርዮስፋጎስ ሲናገር የሆነውን ተመልከቱ። ስለ ሙታን ትንሣኤ ሲያነሣ አንዳንዶቹ አፌዙበት። ሌሎቹ "ስለዚህ ነገር ሌላ ቀን እንሰማሃለን" አሉት። ጥቂቶች አመኑ። ያንኑ ንግግር፣ ያው ተናጋሪ፣ በአንድ ቀን ነው የተናገረው። ጳውሎስ እንኳ ሦስት ዓይነት መልስ ካገኘ፣ እኛ ሁሉም ሰው እሺ እንዲለን መጠበቅ የለብንም። ያፌዘብንን ሰው መውደዳችንን ግን አናቆምም።

ይህን በልባችሁ ካላስቀመጣችሁ የሚቀጥሉት እርምጃዎች ሁሉ ጭንቀት ይሆኑባችኋል። ሰዉም ይታወቀዋል። ሊማርከው የመጣ ሰውና ሊወድደው የመጣ ሰው ይለያያሉ።

2. ጥቂት ስሞች ጻፉና ጸልዩ

ወረቀት ወይም ስልካችሁን አውጡ። በየሳምንቱ የምታገኟቸውን፣ ክርስቶስን እንዲያውቁ የምትመኙላቸውን ሦስት ወይም አራት ሰዎች ጻፉ። ከዚያ በላይ አትጻፉ፤ ሲበዛ ጸሎቱም ወዳጅነቱም ይሳሳል።

ማንን ልጻፍ ካላችሁ ከቅርብ ጀምሩ። እንድርያስ ኢየሱስን ካወቀ በኋላ መጀመሪያ የፈለገው ወንድሙን ስምዖንን ነው። በጌርጌሴኖን አገር አጋንንት የወጡለት ሰው ደግሞ ኢየሱስን ልከተል ብሎ ለመነ። ኢየሱስ ግን "ወደ ቤትህ፣ ወደ ቤተ ሰዎችህ ሄደህ ጌታ ያደረገልህን ንገራቸው" አለው። ሰውየው አሥሩ ከተሞች ወደሚባለው አገር ሄዶ ተናገረ። ምንም ኮርስ አልወሰደም። የደረሰበትን ያውቅ ነበር።

ጸሎታችሁ ግልጽ ይሁን። "ጌታ ሆይ፣ ጎረቤቴን አድናት" ከማለት ባሻገር "ዛሬ የምንገናኝበት ምክንያት ስጠኝ፤ ስትናገር እንድሰማ ጆሮ ስጠኝ" በሉ። ጳውሎስ ራሱ የቆላስይስ ምእመናን የቃሉ በር እንዲከፈትለት እንዲጸልዩለት ለምኗል። ያን ጊዜ እስር ቤት ነበር።

3. የራሳችሁን ታሪክ አዘጋጁ

ይህ ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው በመጽሐፍ ጥቅስ ሊከራከራችሁ ይችላል። በኑሯችሁ ከሆነው ነገር ጋር ግን መከራከር ይከብደዋል።

ታሪካችሁ ሦስት ነገር ይኑረው። በፊት ምን ነበርኩ? ከክርስቶስ ጋር እንዴት ተገናኘሁ? አሁንስ? ጳውሎስ በንጉሥ አግሪጳ ፊት ሲቆም የተናገረው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 26ን አንብቡ። ከዚያ የእናንተን ጻፉ፤ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ከሦስት ደቂቃ በላይ ከሆነ ቁረጡለት።

አንድ ቁጡ የነበረ አባት ታሪኩን እንዲህ ሊናገር ይችላል፦

"በጣም ቁጡ ነበርኩ። ማታ ቤት ስገባ ልጆቼ ተደብቀው ይጠብቁኝ ነበር። አንድ ጓደኛዬ የማርቆስ ወንጌልን አብረን እናንብብ አለኝ። ኢየሱስ ሰው የጠላቸውን ሰዎች እንዴት እንደተቀበለ ሳነብ፣ እኔንም ይቀበለኛል ብዬ አመንኩ። ይቅር በለኝ አልኩት። ከዚያ ልጆቼን ይቅርታ ጠየቅኩ። አሁንም አንዳንዴ እቆጣለሁ። ግን ልጆቼ ከእኔ አይሸሹም።"

ይህ ታሪክ ትልቅ ራእይ የለበትም። መልአክ አልታየም። ግን ግልጽ ነው፤ የሚሰማውም አባት ራሱን ያይበታል። በክርስቲያን ቤት ያደጋችሁና "እኔ ታሪክ የለኝም" የምትሉ፣ እምነት የእናት አባት መሆኑ ቀርቶ የእናንተ የሆነበትን ጊዜ አስቡ። ወይም ሐዘን ሲገጥማችሁ ምን እንደያዛችሁ ተናገሩ።

ስታዘጋጁ የቤተ ክርስቲያን ቋንቋችሁን ፈትሹ። "ጌታን ተቀበልኩ" ስትሉ ኦርቶዶክስ የሆነች ጓደኛችሁ "እኔስ መች ገፋሁት?" ልትላችሁ ትችላለች፤ ልክም ናት። "ዳንኩ"፣ "በደሙ ታጠብኩ"፣ "መንፈስ ነካኝ" የሚሉት ለእኛ ትልቅ ትርጉም አላቸው። ለማያውቅ ሰው ግን ዝግ ናቸው። "ኃጢአቴን ይቅር እንዳለኝ አመንኩ" በሉ። "ብቻዬን እንዳልሆንኩ አወቅሁ" በሉ። ማንም ይገባዋል።

አታጋንኑ። ኃጢአታችሁን አታስጌጡት፣ ለውጣችሁንም አትቆልሉት። ዛሬም የምትታገሉበት ነገር ካለ አትደብቁት።

4. የወንጌሉን ፍሬ ነገር በአጭሩ መናገር ቻሉ

ታሪካችሁ በር ይከፍታል፤ ወንጌል ግን የእናንተ ታሪክ አይደለም። ወንጌል ስለ ኢየሱስ ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 15 ላይ ዋናውን በጥቂት ቃላት አስቀምጦታል፦ ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ሞተ፣ ተቀበረ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ።

በራሳችሁ አነጋገር እንዲህ ልትሉት ትችላላችሁ። "እግዚአብሔር ከእሱ ጋር እንድንኖር ፈጠረን። እኛ ራቅን፤ ኃጢአት ለየን። በመልካም ሥራችን ተመልሰን መድረስ አልቻልንም። ስለዚህ እሱ ራሱ በኢየሱስ ወደ እኛ መጣ፤ በመስቀል ላይ የእኛን ዕዳ ከፈለ፤ ከሞት ተነሣ። ንስሐ ገብቶ በእሱ የሚታመን ይቅርታና አዲስ ሕይወት ያገኛል።" ከባለቤታችሁ ወይም ከጓደኛችሁ ጋር ተለማመዱት። አፋችሁ ካለመደው በሚያስፈልግ ሰዓት አይመጣም።

5. ቅረቡ፣ ስሙ፣ ጠይቁ

ፊልጶስ ወደ ሰረገላው ሮጠ። ሲደርስ ግን መስበክ አልጀመረም። መጀመሪያ ሰማ፤ ጃንደረባው ኢሳይያስን ሲያነብ ሰማው። ቀጥሎ ጠየቀ፤ የምታነበው ይገባሃል ወይ አለው። ከዚያ ተጋበዘ፤ ሰውየው ወጥቶ አጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው። መናገር የጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የጀመረውም ሰውየው እያነበበ ከነበረበት ቦታ ነው።

ብዙዎቻችን ከመጨረሻው እንጀምራለን። ታክሲ ውስጥ ተነሥተን እንናገራለን፣ ሰውየው ወርዶ ይሄዳል፣ እኛም ሥራችንን እንደሠራን እንቆጥራለን። በአደባባይ መመስከርን አልነቅፍም፤ በእሱ የተለወጡ ሰዎች አሉ። ግን ብዙ ሰው የሚያምነው በሚያውቀው ሰው በኩል ነው። የሚያውቀን ደግሞ ስንሰማው ነው።

አጋጣሚው በየቦታው አለ። ሰርቪስ መኪና ውስጥ ሁልጊዜ አጠገባችሁ የሚቀመጠው ሰው አለ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አብራችሁ የምታመሹት የዕድር አባል አለ። ልጆቻችሁን ከትምህርት ቤት ስትጠብቁ አብራችሁ የምትቆም እናት አለች። ቡና ከሁሉም ይሻላል። እስከ በረካ ድረስ ማንም አይቸኩልም።

ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል። ሁለት የሥራ ባልደረቦች ናቸው እንበል።

"ሰሞኑን ደክሞሻል። ደህና ነሽ?"

"እናቴ ታማብኝ። እንቅልፍ የለኝም።"

"ውይ፣ እግዜር ይማራት። ምን አሏት?"

እዚህ ላይ ዝም ብላችሁ ስሙ። ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ወንድሟ ስንፍና፣ ስለ ገንዘቡ ትናገር። ጥቅስ አትጥቀሱ። ስትጨርስ፦

"እኔ ማታ ማታ እጸልያለሁ። ስሟን ንገሪኝ፣ አስባታለሁ።"

እውነትም ጸልዩ። በማግስቱ "እናትሽ እንዴት አደሩ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከተቻለ ሆስፒታል ሄዳችሁ ጠይቋቸው፣ ጾም ካልሆነ ሾርባ ይዛችሁ፣ ጾም ከሆነ የጾም ነገር ይዛችሁ። ከሳምንት በኋላ እሷ ራሷ ትጀምራለች።

"ግን አንቺ ጸሎት ይሰማል ብለሽ የምርሽን ታምኛለሽ?"

"አዎ፣ አምናለሁ። ለምን እንደማምን ልንገርሽ?"

"ንገሪኝ እስቲ።"

የሦስት ደቂቃዋ ታሪክ ሰዓቷ አሁን ነው። "ልንገርሽ?" ብሎ መጠየቅን አትዝለሉት። አይ ካለች ይለፍ፤ ወዳጅነቱ ግን አይለፍ። ታሪኩን ከጨረሳችሁ በኋላ "አንቺስ ስለ እግዚአብሔር ስታስቢ ምን ይመጣብሻል?" በሉና እንደገና ስሙ።

ለሕመምተኛ ስትጸልዩ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። "በርግጥ ትድናለች" ብላችሁ ቃል አትግቡ። መድኃኒት እንድታቋርጥማ በፍጹም አትምከሩ። እግዚአብሔር መፈወስ ይችላል፤ በሐኪም እጅም ይሠራል። በእኛ ቃል ተማምኖ መድኃኒቱን ትቶ የሞተ ሰው ቤተሰብ፣ ስለ ክርስቶስ ሊሰማ የሚፈልግበት ጆሮ አይተርፈውም።

6. ከማን ጋር እንደምትነጋገሩ አትርሱ

በአገራችን አብዛኛው ሰው አምላክን ያውቃል፤ ያመልካል። ወንጌል ወደዚህ ምድር ትናንት አልመጣም። በ4ኛው መቶ ዘመን ፍሬምናጦስ የሚባል የጢሮስ ልጅ በቀይ ባሕር ዳርቻ ተይዞ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ገባ። ነጻነቱን ባገኘ ጊዜ ወደ እስክንድርያ ሄደ፤ ቅዱስ አትናቴዎስ ጳጳስ አድርጎ መልሶ ላከው። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ተቀበለ። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለን የምንጠራው ይህንኑ ሰው ነው። በባዕድ አገር በግዞት የጀመረ ኑሮ ሐዋርያነት ሆነ።

ስለዚህ ወንጌላዊ የሆናችሁ አማኞች፣ ኦርቶዶክስ የሆነ ወዳጃችሁን ምንም እንደማያውቅ ሰው አታናግሩት። ጾሙን፣ ታቦቱን፣ ለእመቤታችን ያለውን ፍቅር አታንቋሽሹ። እሱ ለእናቱ እንደሚቆረቆረው ለቤተ ክርስቲያኑ ይቆረቆራል። ስለ ኢየሱስ ተነጋገሩ፤ ወንጌላትን አብራችሁ አንብቡ። ከእነሱም የምትማሩት አለ። "ጴንጤ ነሽ?" ብሎ የሚጠይቅ ካለ "አዎ፣ እንደዚያ ይሉናል" ብላችሁ በፈገግታ ቀጥሉ። ስሙ የክርክር ርእስ እንዲሆን አትፍቀዱ።

ሙስሊም ጎረቤታችሁም እንዲሁ ነው። አብራችሁ ያደጋችሁ፣ በረመዳን ሳምቡሳ የላከላችሁ፣ በፋሲካ እንኳን አደረሳችሁ ያላችሁ ሰው ነው። ስለ እምነቱ ከራሱ አፍ ጠይቁ፤ በዩቲዩብ ክርክር ያያችሁትን ይዛችሁ አትሂዱ። የእናንተን ሲጠይቃችሁ ደግሞ ሳትሸሽጉና ሳታለዝቡ ንገሩት። አብዛኛውን ጊዜ ቅንነታችሁን ያከብራል።

ለማታውቁት ጥያቄ "አላውቅም፣ አጣርቼ እነግርሃለሁ" ማለት ይቻላል። ከዚያ በእውነት አጣሩ። ይህ መልስ ሰውን ከምታስቡት በላይ ያቀርባል። "እግዚአብሔር ካለ ልጄ ለምን ሞተ?" የሚለው ግን መረጃ የሚፈልግ ጥያቄ አይደለም። አብራችሁ ተቀመጡ። ማልቀስ ካለባችሁ አልቅሱ። ኢየሱስም አልዓዛርን ሊያስነሣ እያወቀ መቃብሩ ጋ ከመድረሱ በፊት አልቅሷል።

7. የማይታለፉ ወሰኖች

ጀብዱ ማለት ወሰን ማጣት አይደለም። ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ እንድንሰጥ ሲያዝዝ፣ በየዋህነትና በአክብሮት ይሁን ይላል። ያን የምንጥስባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው።

ኃይል ያለው በእናንተ እጅ ከሆነ አብዝታችሁ ተጠንቀቁ። አለቃ ከሆናችሁ የበታቻችሁ ሠራተኛ "አልፈልግም" ማለት ይከብደዋል። ቤታችሁ የምትሠራው ልጅ ደሞዟ በእናንተ እጅ ነው። አልጋ ላይ የተኛ ሕመምተኛ ተነሥቶ መሄድ አይችልም። ለእነዚህ ሰዎች ጠባያችሁ ይናገር፤ ደሞዝ በጊዜው ክፈሉ፣ በአክብሮት ጥሩ፣ እረፍት ስጡ። ከጠየቁ መልሱ። ካልጠየቁ ተዉአቸው።

እርዳታን ከስብከት ጋር አታስሩ። ዱቄት የምትሰጡት ለተራበ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለሚመጣ ብቻ ከሆነ ንግድ ነው። የሌላ ሰው ልጅን ያለ ወላጆቹ ፈቃድ አታስተምሩ። ወንድ ከሴት ጋር፣ ሴት ከወንድ ጋር ለብቻ ተዘግቶ ተከታታይ ጥናት ከማድረግ ሌላ ሰው ይጨመር፤ ወይም በተመሳሳይ ጾታ ይሁን። ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ነው የላከው።

ሕጉንም እወቁ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ሰው የመረጠውን እምነት የመያዝና የመግለጽ ነጻነት ይሰጣል። ማንም ሰው እምነቱን በተመለከተ እንዲገደድም አይፈቅድም። ሁለቱም ለእኛ የተጻፉ ናቸው። እስራኤል ውስጥ ያላችሁ፣ ሰው ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ብሎ ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም መስጠት እዚያ ወንጀል መሆኑን አስታውሱ። ሳውዲ አረቢያ ውስጥ ደግሞ ከእስልምና ውጪ ያለ ሃይማኖት በአደባባይ መስበክ አይፈቀድም፤ በሌሎችም የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙስሊሞችን ለመለወጥ መስበክ ከባድ ጣጣ ያመጣል።

እዚያ ሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶች ይህን እላለሁ። ደፋር ለመሆን ሕይወታችሁን አደጋ ላይ መጣል አይጠበቅባችሁም። የአሠሪዋን ቤት ልጆች በፍቅር የምትይዝ፣ አደራ የማትበላ፣ አብራት የምትሠራውን የአገሯን ልጅ ስታለቅስ አይታ የምታቅፍ ሴት እየመሰከረች ነው። የንዕማን ሚስት አገልጋይ የነበረችውን ትንሽ እስራኤላዊት አስታውሱ። ተማርካ የመጣች ልጅ ነበረች። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረች፤ ጌታዋ በሰማርያ ካለው ነቢይ ዘንድ ቢሄድ ከለምጹ ይድን ነበር አለች። የሶርያ ንጉሥ የጦር አዛዥ የነበረው ንዕማን በዚያ ቃል ተነሥቶ ሄደ።

8. ማርቆስን አብራችሁ አንብቡ

ሰው ፍላጎት ሲያሳይ ወዲያው እሑድ ፕሮግራም ላይ መጥራት ይቀናናል። እኔ የምመክረው መጀመሪያ መጽሐፉን አብሮ መክፈት ነው። የማርቆስ ወንጌል ከአራቱ አጭሩ ነው፤ 16 ምዕራፍ ብቻ። በሳምንት አንድ ምዕራፍ ብታነቡ በአራት ወር ገደማ ያልቃል።

ግብዣው ቀላል ይሁን። "ስለ ኢየሱስ ከሰው ከመስማት ራሳችን አንብበን ብናየውስ? ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ግማሽ ሰዓት?" በቃ። ካፌ ሊሆን ይችላል፣ ቤት ሊሆን ይችላል። ሩቅ ያለ ዘመድ ከሆነ በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ ድምፅ እየተደዋወላችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ዋሽንግተን ያለች እህትና አዲስ አበባ ያለ ወንድም የሰዓቱን ልዩነት ካስማሙ ምንም አያግዳቸውም። የሚጠቅመው ይህ ነው እንጂ በየቀኑ ለሁሉም የሚላክ ጥቅስና ፎቶ አይደለም። እሱን ሰዉ ሳይከፍት ያጠፋዋል።

ስታነቡ አስተማሪ አትሁኑ። አንዱን ክፍል ተራ በተራ ጮክ ብላችሁ አንብቡና እነዚህን ጠይቁ፦ እዚህ ላይ ምን ሆነ? ኢየሱስ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ይታያል? እውነት ከሆነ ለእኔ ምን ማለት ነው? የሚቀጥለውን ምዕራፍ አትስበኩ። ጓደኛችሁ ምዕራፍ 2 ላይ ሽባው ኃጢአቱ ይቅር ሲባልለት ራሱ ደርሶ "ይሄ ሰው ማነኝ ብሎ ነው ኃጢአት ይቅር የሚለው?" ይላችኋል። እዚያው ቆሙ። ያ ጥያቄ ጸሐፍቱም የጠየቁት ነው፤ ራሱ ያገኘው ጥያቄ ደግሞ እናንተ ከምትሰጡት መልስ በላይ ይሠራበታል።

ወደ መስቀሉ ስትደርሱ አትቸኩሉ። ከዚያ በኋላ ግን ፈርታችሁ አትለፉት፤ በግልጽ ጠይቁ። "ያነበብነውን ታምነዋለህ? ሕይወትህን ለእሱ መስጠት ትፈልጋለህ?" ብዙ ጥሩ ወዳጅነት እዚህ ጥያቄ ላይ ሳይደርስ ዓመታት ያልፋል። መጠየቅ ማስገደድ አይደለም። "ገና ነኝ" ካለ ገና ነው።

9. መንገዱ ሲዘጋ

ሊዘጋ ይችላል። ጓደኛችሁ ማንበቡን ያቆማል፣ ስልክ አያነሣም፣ ቤተሰቡ ይቆጣል። ያኔ ኦነሲሞስ ነሲብን አስቡ። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ፣ በዚያ ከነበሩት የስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ የተማረ ሰው ነው። ወንጌልን ለኦሮሞ ወገኖቹ ለማድረስ ደጋግሞ ጉዞ ሞከረ። መንገዱ ደጋግሞ ተዘጋበት። ባለበት ቦታ ሆኖ አስቴር ጋኖ ከምትባል ኦሮሞ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ያዘጋጅ ጀመር። አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። እሱ ነቀምቴ የደረሰው በ1904 ነው። መንገዱ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ያ መጽሐፍ መቼ ይሠራ እንደነበር እንጃ።

ወላይታም አለ። እ.ኤ.አ. በ1937 ጣሊያኖች የውጭ ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። ሚሲዮናውያኑ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ሲመለሱ ያገኙት ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነው። በመሀል እስርና ግርፋት ነበር። ወንጌሉን ያደረሱት ገበሬዎች ናቸው፤ ከመንደር መንደር እየሄዱ፣ ለዘመድ ለወዳጅ እየተናገሩ። በደርግ ዘመንም ብዙ ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ አማኞች በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ተሰበሰቡ፤ በዚያ ጊዜ ያመኑ ብዙዎች ዛሬ አያት ሆነዋል።

እንግዲህ በሩ ሲዘጋ የምታደርጉት ይህ ነው። ስሙን ከጸሎት ወረቀታችሁ ላይ አትሰርዙ። አትጨቅጭቁ። ሲታመም ጠይቁት፣ ሲወልድ እንኳን ማርያም ማረችሽ በሏት ባለቤቱን፣ ሲያዝን ድንኳኑ ውስጥ ተገኙ። እምነት ለማካፈል ብቻ ወዳጅ ሆናችሁ ከነበረ አሁን ይታወቃል።

10. ሲያምን ብቻውን አትተዉት

እዚህ ላይ ብዙ ጥፋት ይሠራል። ሰው ሲያምን እልል ብለን፣ ቤተ ክርስቲያን አስመዝግበን፣ ወደ ሌላ ሰው እንሄዳለን። የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን በጣም ተፈላጊ ናቸው።

ወደ ጉባኤ ስትወስዱት አብራችሁት ግቡ፣ አጠገቡ ተቀመጡ። እንግዶች ተነሡ የሚባልበት ቦታ ከሆነ፣ መነሣት ግዴታ አለመሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩት። ከሁለት ሦስት ሰው ጋር አስተዋውቁት፤ እናንተ ባትኖሩ የሚደውልለት ሰው ይኑረው። ጥምቀትን በተመለከተ ከሽማግሌዎች ወይም ከመጋቢው ጋር አገናኙት፣ ትምህርቱንም አብራችሁት ተከታተሉ።

የሚከብደው ቤተሰብ ነው። አዲስ አማኝ በጋለ ስሜት ቤቱ ይገባና ከእናቱ ጋር ስለ ጾምና ስለ ሥዕል ይከራከራል። እናት ታለቅሳለች፣ አባት ይቆጣል፣ ዘመድ ይሰበሰባል። ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ለወላጆቹ ሲናገር ቁጭ ብሎ፣ በእርጋታ፣ "አሳደጋችሁኝ፣ እግዚአብሔርን መፍራት ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ" ብሎ እንዲጀምር ምከሩት። እውነትም ስለሆነ ነው። ገበታው ላይ ሲጾሙ አብሯቸው ቢጾም ምንም አያጣም። እናቱ እስከ አሁን ያልሠራላትን የቤት ሥራ ይሥራላት። ከቤት ውጣ ቢሉት የሚያድርበት ቤት አስቀድማችሁ አዘጋጁለት፤ ያ ቤት የእናንተ ሳሎን ሊሆን ይችላል።

ወር ሁለት ወር ሲያልፍ ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ ስጡት፤ የሦስት ሰው ስም ይጻፍ። የመጀመሪያው ስም የእናቱ ከሆነ አትገረሙ።